እንጦጦ ላይ ያደርንበት ነሐሴ

ባለፈው ነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ዝናብ ያዘኝና ካልሲና ቀበቶ የሚሸጥ አንድ ወጣት ከወጠራት ሸራ ሥር ገባሁ። ልጁ ዕቃውን በላስቲክ እየሸፈነ «እማማ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ ይበሉ» አለኝ። ጠጋ ስል አፍንጫዬ ከእርጥቡ ሸራ ጋር ተገናኘ። ሽታው የሰምም፣ የሻጋታም፣ የቆየ ጭስም ነው፤ ሸራ ሥር ያላደረ ሰው እንደ ክፉ ሽታ ይቆጥረው ይሆናል። ዝናቡ አባርቶ የተጠለለው ሁሉ ከተበተነ በኋላ እንኳ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልጁ ዋጋ የምገምት መስሎት ካልሲዎቹን መልሶ መደርደር ጀመረ። እኔ ግን እንጦጦ ሸንተረር ላይ ነበርኩ፤ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በሁለት ሴቶች መሐል ተጋድሜ።

ቤታችን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ የእንጨት ደረጃው የሚንቋቋ የድሮ የፒያሳ ቤት ነበር። የእናቴ ታናሽ እህት የሺ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጽሕፈት መኪና ትመታለች፤ የተቀመጠችበት መስኮት ወደ እንጦጦ ስለሚያይ ማታ ስትገባ ከሰላምታ በፊት የተራራውን ወሬ ትነግረናለች። «ዛሬ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ኮፍያውን አላወለቀም» ካለች ደመና ነበር ማለት ነው።

በዚያ ዓመት አሰብ ወደብ የሚሠራ አንድ ጨዋ ሰው ሽማግሌ ላከና እናቴ እሺ አለች። ሠርጉ ለጥቅምት ተቆረጠ። ሰውየው ለትውውቅ ቤታችን በመጣ ጊዜ የሺ አሰብ ምን እንደሚመስል ጠየቀችው። እሱም አገሩን ያሞገሰ መስሎት «እኛ ዘንድ ዝናብ የሚባል ጣጣ የለም» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ በወረደ ቁጥር የያዘችውን አስቀምጣ ታዳምጥ ነበር።

ፍልሰታ በተፈታ ሳምንት፣ እራት ላይ፣ «ከመሄዴ በፊት እዚያ ሸንተረር ላይ አንድ ሌሊት ማደር እፈልጋለሁ» አለች።

እናቴ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። «በነሐሴ? ጅብ እንዲበላሽ?»

«በዚህ ዝናብ ጅቡም ከቤቱ አይወጣም፣ እቴ።»

ድንኳን የነበረው በግቢያችን የኋላዋን ክፍል የተከራየው ጋሽ ታደሰ ብቻ ነበር። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ተማሪዎቹን ተራራ ለተራራ የሚያንከራትትበት አንድ የወታደር ድንኳን ከአልጋው ሥር ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የተከፈተ በር እንኳ ሳያንኳኳ የማይገባ ዓይነ አፋር ሰው ነበር። በግቢያችን ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ ሲባባል እሱና አክስቴ ብቻ እርስዎ ይባባሉ ነበር። እሱ «እንዴት አደሩ፣ ወይዘሪት የሺ?» ይላል፤ እሷ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» ትለዋለች። ያ ሁሉ ዓመት ከዚህ ሌላ የተነጋገሩት ትዝ አይለኝም። የሰፈር ዱርዬዎች «አምባሳደሮቹ» ብለው ስም አውጥተውላቸው ነበር።

እናቴ ጋሽ ታደሰን ስለምታምነው መንገድ እንዲመራ ፈቀደች፤ ግን የአክስቴ የሥራ ባልደረባ አስካለ አብራ እንድትሄድ፣ እኔም እንዳልቀር አዘዘች። ለምን እንደምሄድ አልነገሩኝም፤ እኔም ዘብ መሆኔን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ሽሮ ሜዳ ድረስ በታክሲ ሄደን ከዚያ ወደ እንጦጦ ማርያም በእግር ወጣን። አስካለ ወፍራምና ሳቂታ ሴት ነበረች፤ ለሽርሽር ነው ብላ የቢሮ ጫማዋን ተጫምታ፣ ጃንጥላ ይዛ፣ ከፒያሳ የገዛችውን ኬክ በካርቶን አንጠልጥላ መጣች። ገና ዳገቱን ሳንጨርስ ነፋሱ ጃንጥላውን ገለበጠው። ቀጥሎ የኬኩ ካርቶን ራሰና ቂጡ ወለቀ፤ ባሕር ዛፍ ሥር ተከበን ጭቃ ያልነካውን ክሬም በጣታችን እየጠረግን በላን። «ይሄ ተራራማ ከኛ አለቃ ይብሳል!» ትል ነበር አስካለ፣ በየርምጃው እየተንሸራተተች።

ከማርያም በላይ ሸንተረሩን ይዘን ወደ ምሥራቅ ሄድን። በግራችን የሱሉልታ ሜዳ ጉም በተቀደደ ቁጥር አረንጓዴ ሆኖ ብቅ ይላል፤ በቀኛችን ከተማዋ ደመና ሥር ገብታ የመኪና ጡሩምባ ብቻ ከስር ይሰማል። ቅጠሉ ያንጠባጥባል፣ ቀይ አፈሩ ከጫማችን ሥር ይሸሻል፣ የባሕር ዛፉ ሽታ ጉሮሮ ያቀዘቅዛል። አንድ ጊዜ ደመናው ሲከፈት የሺ አራት ኪሎን አየሁ ብላ ጮኸች፤ «ያቺ መስኮቴ ናት» እያለች ለሁላችንም ጠቆመች። ማናችንም አላየንም፤ ሁላችንም አየን አልናት።

ጋሽ ታደሰ ተራራ ላይ ሌላ ሰው ሆነ። ቤት ውስጥ ቃል የማይወጣው ሰው እጁን ዘርግቶ ያስተምረን ጀመር። በዚህ ሸንተረር ላይ በግራ በኩል የወረደው ጠብታ ወደ ዓባይ፣ በቀኝ የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል አለን።

«እኔ ላይ የወረደውስ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች አስካለ።

«ወደ ጫማሽ» አለቻት የሺ።

ጋሽ ታደሰ ሳቀና፣ አዋሽ ግን ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ላይ እንደሚቀር ነገረን። አክስቴ «እንግዲያው እኔ ልበልጠው ነዋ» አለች። እሱ ለዚህኛው አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አጠበቀ።

ሲመሽ ጋሽ ታደሰ ከዛፎቹ መሐል ድንኳኑን ተከለልን። እኛ ሴቶቹ ውስጥ ሆንን፤ እሱ ከድንኳኑ አፍ ላይ ላስቲክ ወጥሮ፣ በጭንቅ የተያያዘች እሳት አጠገብ ተቀመጠ። በሶና ዳቦ በልተን፣ ከፔርሙዙ ሻይ ጠጥተን ተጋደምን። አስካለ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረች። ሸራው እንደ ከበሮ ይመታል፤ አንድ ጥግ ላይ አፈሰሰና ውሃው ግንባሬ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ስነቃ አክስቴ ከጎኔ የለችም። ድምጿ ከውጭ ከእሳቱ በኩል ነበር የሚሰማኝ።

«አይተኙም እንዴ፣ ወይዘሪት የሺ? ይበርድዎታል።»

«ዝናብ ልሰማ መጥቼ እንቅልፍ ልተኛ?»

 መልሼ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ጋሽ ታደሰ «አትሂጂ» አለ።

እንቅልፌ ጥሎኝ ጠፋ። አይሂዱ አላለም። ልጅም ብሆን ያ ቃል ከሌላ ቦታ የመጣ እንደሆነ ገባኝ።

«ምን አልከኝ?» አለች አክስቴ። እሷም እርስዎን ጣለች።

«አትሂጂ አልኩሽ።»

«ታደሰ…» አለች፣ ጋሽ እንኳ ሳትለው። «ይሄን ሁሉ ክረምት በአንድ ግቢ ከርመን ዛሬ ነው የምትነግረኝ? ሽማግሌው እሺ ከተባለ፣ ልብስ ከተሰፋ በኋላ?»

«ያለችኝ አንዲት የኪራይ ክፍል ናት። ምን ይዤ ልናገር ብዬ…»

«እኔ ክፍል ጠየቅኩህ?»

 እሳቱን ሲቆሰቁስ፣ እርጥቡ እንጨት ሲንሿሿ እሰማ ነበር። ቆይታ ቀስ ባለ ድምፅ «እህቴ ቃል ሰጥታለች። አሳድጋ፣ አስተምራ ለዚህ አድርሳኛለች። በሰው ፊት አላሳፍራትም» አለች።

«ገባኝ» አለ።

የሚነሱ መስሎኝ ነበር፤ ሁለቱም አልተነሱም። እሳቱ እስኪከስም ተቀመጡ። ከዚያ አክስቴ ገባችና አጠገቤ ተጋደመች፤ ቀዝቃዛ እጇን ጉንጬ ላይ አደረገች። የተኛሁ መሰልኩ። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ፀጉሬ ላይ ሲሞቀኝ፣ ምን ብዬ እንደማባብላት ሳላውቅ እኔንም እውነተኛው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ ጠራ። ጋሽ ታደሰ ሻይ አፍልቶ ጠበቀን፤ አክስቴ ፊቷን ተጣጥባ ስትመጣ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«እንዴት አደሩ፣ ወይዘሪት የሺ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

ሻዬን ይዤ ሁለቱንም ተራ በተራ አየኋቸው። ማልቀስ ፈለግኩ፤ በምን ምክንያት እንደማለቅስ ግን ለማንም መናገር አልችልም ነበር። ያን ጊዜ አስካለ ከድንኳኑ በአራት እግሯ ወጣችና «ምነው፣ አንድ ጅብ እንኳ ዝር ሳይል ነጋ!» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። በኮተቤ በኩል ወርደን በአውቶቡስ ተመለስን። እናቴ በር ላይ ቆማ፣ ጭቃችንን ሳይሆን ፊታችንን ነበር የመረመረችው።

በጥቅምት የሺ ተዳረች። ጋሽ ታደሰ ዳስ ሲጥል፣ አግዳሚ ወንበር ሲሸከም፣ ለእንግዳ ጠላ ሲቀዳ ዋለ፤ ሙሽሮቹ ሲወጡም ተራውን ጠብቆ «እንኳን ደስ ያለዎት» አላት። ሌላ ክረምት ሳይገባ ወደ ጎጃም ዝውውር ጠይቆ ሄደ። የኋላዋን ክፍል ሌሎች ተከራዩዋት።

አክስቴ አሰብ ላይ ባሏን አክብራ፣ ልጆች ወልዳ ኖረች። ደግ ሰው ነበር ይባላል፤ እሷም አንድ ቀን እንኳ አላማችውም። እሱ ታሞ ሞተ፤ በኋላ ወደቡ የሌላ አገር ሲሆን ሁለት ልጆቿንና ጥቂት ዕቃዋን ይዛ ወደ ጊዮርጊስ ቤታችን ተመለሰች። በመጣች በማግስቱ ወጥ ቤት ውስጥ ነበርን። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ቀና ሳትል «ታደሰ እዚያው ደብረ ማርቆስ አግብቶ ወልዷል» አለች።

የሺ «ደግ አደረገ» አለችና «አምጪ እኔ ልክተፈው» ብላ ቢላዋውን ከእጇ ተቀበለቻት። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ መካከል ስሙ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ያንን ከመቼ ጀምሮ ታውቅ እንደነበር እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አሁን ሁለቱም እህትማማቾች የሉም። ቤቱም የለም፤ ሰፈሩ ሲነሳ አብሮ ፈረሰ፣ ጎረቤቱም በየኮንዶሚኒየሙ ተበታተነ። እኔ የምኖረው ጎረቤቴን በበር ቁጥር በማውቅበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዚያ ሌሊት ሰዎች በሕይወት መኖሯን የማውቃት አስካለ ብቻ ናት። ካልሲ ከሚሸጠው ልጅ ሸራ ሥር ወጥቼ ቤቴ እንደገባሁ ደወልኩላት። ስለ ልጅ ልጆቿ፣ ስለ ጉልበቷ አወራን። ከዚያ ያንን እንጦጦ ያደርንበትን ቀን ታስታውሽ እንደሆን ብዬ ጠየቅኳት።

«እንዴ! ምን የመሰለ ቀን ነበር» አለችኝ። «ብርድ ብቻ ነበር መሰለኝ።»

«ዝናቡስ፣ እትዬ አስካለ?»

 «ዝናብ ነበር እንዴ?» አለች።

«ሌሊቱን ሙሉ» አልኳት።