ጋሽ ኦይቻና የተዘባረቀው ስክሪን

ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ የፕሮጀክተሩ ምስል አልመጣ አለ። ግድግዳው ላይ የማይነበብ ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። የተጠራችው ወጣት ባለሙያ መሣሪያውን አገላብጣ አየችውና «ይሄን ዓይነት አላውቀውም፤ መመሪያው ካለ ስጡኝ» አለች። ድምጿ ላይ እፍረት አልነበረም። ሌሎቹ ሻይ ሊጠጡ ወጡ፤ እኔ ተቀምጬ ሳያት ቆየሁ። እሷ በአንድ ትንፋሽ ያለችውን ለማለት፣ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ እኔ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ነገሩ የሆነው በዘጠና ዓመተ ምሕረት ግድም አርባ ምንጭ ነው። በሒሳብ ተመርቄ አዲስ አበባ እህቴ ቤት አንድ ዓመት ያህል ሥራ ፈትቼ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ በአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር በሴቻ ያለ አንድ ትንሽ የቤተ ክርስቲያን የሥነ ጽሑፍ ቢሮ የኮምፒውተር ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰማሁና ወረድኩ። የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ አስቴር የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ማሽናችን ሊኑክስ በሚባል ሲስተም ነው የሚሠራው። ታውቀዋለህ?»

«አዎ፣ አውቀዋለሁ» አልኩ። የማውቀው ስሙን ነበር፤ እሱንም ከአንድ መጽሔት ላይ።

ቢሮው ሁለት ክፍል ነው። ከመስኮቱ ቁልቁል የአባያ ሐይቅ ይታያል፤ ውሃው ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ማሽኑን ያዘጋጀው የውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ ወደ አገሩ ከተመለሰ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ውስጡን ማንም አልነካካውም። የሚጠቀሙበት ጋሽ ኦይቻ ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከተራራው ላይ ካለችው መንደር የኦቾሎ ሰው። የጋሞኛ ቃላትን ከነአማርኛ ፍቺያቸው ይሰበስባሉ፦ የእንሰት ዓይነቶችን፣ የሽመና ዕቃዎችን፣ የከብት በሽታዎችን፣ አሮጊቶች ብቻ የሚያስታውሷቸውን ስድቦች ሳይቀር። መጀመሪያ በደብተር ይጽፉ ነበር፤ ኋላ ግን በቀጥታ ማሽኑ ላይ። የመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት ሥራቸው ሌላ ቦታ አልነበረም።

በበልግ ዝናብ አንድ ከሰዓት መብረቅ ወረደና ስክሪኑ ተቃጠለ። በሳምንቱ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ሌላ ስክሪን በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። ስንከፍተው ነጭ ፊደላት በጥቁር ላይ ሽቅብ ሮጡ፤ ደኅና መሰለ። የአማርኛው ጽሑፍ የሚታይበት ባለ ሥዕል ገጽ የሚመጣበት ጊዜ ሲደርስ ግን ሁሉም ነገር ሰያፍ መስመር ሆኖ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ጋሽ ኦይቻ ጠጋ ብለው አዩት። «ድሯ ተወሳስባለች» አሉ። ለእሳቸው ዕቃ ሁሉ ሴት ነበረች። «ትፈታታለህ?»

«እፈታዋለሁ፤ ቀላል ነው» አልኩ።

አሥር ቀን ሙሉ አዋቂ መሰልኩ። ክዳኑን ከፈትኩ፣ አቧራ ጠረግኩ፣ ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ። አንድ ጊዜ በግምት ያገኘሁትን ፋይል ከፍቼ ቁጥሮች ለዋወጥኩ፤ ስክሪኑ ቀጭን ፉጨት ሲያሰማ ደንግጬ ከሶኬቱ ነቀልኩት። ጋሽ ኦይቻ በየጠዋቱ ይመጣሉ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ እንዳይረብሹኝ ብለው ሳይናገሩ ይቀመጣሉ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ወይዘሮ አስቴር ጠሩኝ። ሰኞ ከአዋሳ ባለሙያ እንደሚመጣ፣ ማሽኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ሲስተም እንደሚጭን ነገሩኝ። «ጽሑፉን ታወጣዋለህ አይደል?» አሉ። «አወጣለሁ» አልኩ። ወደ ፍሎፒ ዲስክ እንዴት እንደሚገለበጥ እንኳ አላውቅም ነበር።

በዚያው ቀን ጋሽ ኦይቻ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ወርደን ምሳ እንድንበላ ጋበዙኝ። ኩርኩፋ አዘዙ፤ የበቆሎ ድብልብሉ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ተቀቅሎ ገና ይተናል። እሳቸው ይበላሉ፣ እኔ አንዱን ድብልብል በጣቴ አንከባልላለሁ። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ለምን ያን ጊዜ እንደተናገርኩ ዛሬም በደንብ አላውቅም፤ ምናልባት ስለ ማሽኑ ምንም ስላልጠየቁኝ ይሆናል።

«ጋሼ፣ እኔ ይህን ነገር አላውቀውም» አልኩ። «ስቀጠር ዋሽቻለሁ። ማሽኑን መሥራት አልችልም። ሰኞ ሲጠፋ ቃላትዎም ይጠፋሉ።»

ማኘካቸውን አቆሙ። ፊታቸው ላይ የጠበቅኩት ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ግን ነበር።

«ያ ፈረንጅ ሲሄድ ወረቀት ሰጥቶኛል» አሉ። «ስትበላሽ ይህን አንብቡ ብሎ። በእንግሊዝኛ ነው፤ የማሽን ቋንቋ ስለሆነ አልገባኝም። ካርቶን ውስጥ ቤት አለ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ አውቃለሁ አልከኝ። ለሚያውቅ ሰው ወረቀት መስጠት ስድብ ነው ብዬ።»

ቅዳሜ ከተራራው ግርጌ እስካለችው ላንቴ ድረስ በጭነት መኪና ሄድን፤ ከዚያ በእግር ሽቅብ። የሙዝ ማሳው ከኋላችን ቀርቶ መንገዱ ድንጋያማ ሆነ፣ አየሩም እየቀዘቀዘ መጣ። እሳቸው በዱላ ይቀድሙኛል፤ እኔ አርፋለሁ። ኦቾሎ ስንደርስ የሸማኔ መወርወሪያ ድምፅ ከየቤቱ ይሰማል። ባለቤታቸው ካርቶኑን ከአልጋ ሥር አወጡልን። በእጅ የተጻፉ ዘጠኝ ገጾች ነበሩ፣ አንድ ጥጋቸውን ምስጥ የበላቸው። አራተኛው ገጽ ላይ፦ ስክሪን ከተቀየረ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ቀይሩ፤ የአዲሱን ስክሪን ቁጥሮች ካላወቃችሁ ከጎን ያሉትን ትንንሾቹን ጻፉ፣ ፊደሉ ይተልቃል እንጂ ይሠራል።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ወይዘሮ አስቴርን ቁልፍ ለምነን ገባን። ወረቀቱ የጠቆመውን ፋይል ከፍቼ ትንንሾቹን ቁጥሮች ጻፍኩ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ አንዴ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ገጹ ቆመ። ፊደሉ የአውራ ጣት ያህል ነበር። ጋሽ ኦይቻ አንዲት የሽመና ቃል እንድፈልግላቸው ጠየቁኝ፤ ሳገኛት ፍቺዋን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «አለች» አሉ።

እስከ ሰኞ እኩለ ቀን ድረስ ፕሪንተሩ ሲንጫጫ ሁሉንም አተምን። ከአዋሳ የመጣው ሰው ጨዋ ነበር፤ እስክንጨርስ ጠብቆ ማሽኑ ውስጥ ያለውን እንደ ዕቅዱ አጠፋው። በማግስቱ ለወይዘሮ አስቴር እውነቱን ነገርኳቸው። ሦስት ወር ሙከራ ሰጡኝ፤ እየተማርኩ ስድስት ዓመት ቆየሁ። ቃላቱ ከዓመታት በኋላ መጽሐፍ ሆኑ፤ ጋሽ ኦይቻም በእጃቸው ይዘውት ለማየት በቁ።

አሁን ሳስበው የሚቆጨኝ ውሸቱ ራሱ አይደለም። ሥራ የራበው ወጣት እንዲያ ማለቱ አይገርመኝም። የሚቆጨኝ እነዚያ ጠዋቶች ናቸው። አንድ ሽማግሌ የአራት ዓመት ልፋቱን ለእኔ አምኖ ሰጥቶ፣ መድኃኒቱ እሱ ቤት እያለ፣ እኔን ላለመረበሽ ትንፋሹን እንኳ ቆጥቦ ተቀምጦ ነበር።