የአደራው ዳዊት ምልክት

በኛ አገር ከብት ጠፋብኝ ብሎ የመጣ ሰው መጀመሪያ ምልክቱን ይጠየቃል። ቀንዱ ወዴት ይዞራል? ጆሮው ተሰንጥቋል ወይስ ደኅና ነው? ከብቱን ያገኘው ሰው ዝም ብሎ ይሰማል እንጂ ቀድሞ ከአፉ አያወጣም። ካወጣማ ማንም መንገደኛ «አዎ፣ እሱው ነው» ብሎ ይነዳዋል። አደራም እንደዚያው ነው፤ የተቀበለ ሰው አያወራም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ይህን ሕግ ግን ከፊደል በፊት አውቀዋለሁ። የተሳሳትኩትም ሕጉን ስጠብቅ ነው።

የሸሕዲ ቤተ መጻሕፍት የቀን ጥበቃ ነኝ። ቤቱ አንድ አዳራሽ፣ ጥቂት የእንጨት መደርደሪያና አንድ የብረት ቁም ሳጥን ነው። ከበሩ ፊት ለፊት የቀን ሠራተኛ የሚቆምበት ሜዳ አለ። ክረምት ሲገባ ከደጋ የሚወርደው አራሚና አጫጅ፣ እኛ ሳሉግ የምንለው፣ እዚያ ቆሞ ባለ እርሻ እስኪወስደው ይጠብቃል።

ካቻምና ክረምት አንድ የጎጃም ሰው ከነሱ ተለይቶ አጥራችን ጥግ ዳዊት ይደግም ነበር። ዝናብ ሲመጣ በረንዳው ላይ እንዲጠለል ፈቀድኩለት። በሦስተኛው ቀን ከአብርሃ ጅራ ወዲያ ላለ እርሻ ተቀጠረ። የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀው ወደኔ ሮጦ መጣ። ዳዊቱን በሕፃን ልጅ የተማሪ ሹራብ፣ በአረንጓዴ ሹራብ ጠቅልሎ ይዞታል። የአባቱ እንደሆነ፣ በረሃ ዳስ ውስጥ ካስገባው ዝናቡና ምስጡ እንደሚጨርሱት ነገረኝ።

«አባቴ፣ ሰሊጡ ታጭዶ ሲያልቅ እመጣለሁ። ከኔ በቀር ለማንም እንዳይሰጡብኝ።»

«ካንተ በቀር ለማንም» አልኩት። መኪናው ላይ ተንጠላጠለና ሄደ።

እንግዲህ የት ላኑረው? ቤቴ የጭቃ ነው። ምስጡ የሳጥኔን እግር በአንድ ክረምት በልቶ ጥሎታል። ቁልፍ ያለው ብረት የማውቀው ያንን የምጠብቀውን ቁም ሳጥን ብቻ ነው። ታችኛው መደብ ላይ፣ ከአሮጌ ጋዜጦች ኋላ አስቀመጥኩት። ሹራቡ ረጥቦ ነበርና ለብቻው ወደ ቤት ወሰድኩት፤ ባለቤቴ አጥባ አጠፈችው።

ሰሊጡ ታጨደ። ሳሉጉ በየመኪናው ተጭኖ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሰውዬው አልመጣም። አምናም አልመጣም። በዚያ መንገድ የሚመላለሱትን ሾፌሮች ጠየቅኩ። አንዱ የዚያ እርሻ ሠራተኞች ተኩስ ሲሰሙ ወደ ሱዳን ተሻገሩ አለኝ። አንዱ ከመኪና ላይ አውርደው አገቷቸው አለኝ። ሌላው ደግሞ ዓመቱ የወባ ነበር አለና ወሬውን አሳጠረው። ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት ወሬ ስሰማ መጠየቁን ፈራሁት፤ ተውኩት።

ዘንድሮ አንዲት ወጣት የመጻሕፍት ባለሙያ ከጎንደር ተመድባ መጣች፣ ኮምፒውተር ይዛ። ሥራዋን ቁጭ ብላ አስረድታኛለች። የእያንዳንዱን መጽሐፍ ማንነት፣ ማን እንደጻፈው፣ ርእሱን፣ የገጹን ብዛት፣ ቁመቱን ሳይቀር በኮምፒውተሩ ክፍት ቦታ ትሞላለች። ከዚያ በኔትወርክ የተያያዙት ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ባንድ ፍለጋ ያዩታል። አንዱ የመዘገበውን ሌላው እንደገና አይጽፈውም፤ ገልብጦ ይወስደዋል። ጎንደር የተቀመጠ ተማሪ የፈለገው መጽሐፍ ሸሕዲ እንዳለ እዚያው ሆኖ ያውቃል። እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማኋት፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም። መዝገብ ማለት በተጻፈበት ቤት የሚኖር ነገር ነበር የሚመስለኝ።

ከመደርደሪያው ጨርሳ ወደ ብረቱ ቁም ሳጥን ደረሰች። ዳዊቱን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች።

«አባባ፣ ይሄ የማን ነው?»

«ተይው፣ በቦታው መልሺው» አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

እሷ የቤተ መጻሕፍቱ መስሏት ወሰደችው። በማስመሪያ ለካችው፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ የመጨረሻውን ገጽ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አነበበች። እኔም ወንበሬ ላይ ሆኜ አየኋት። እውነቱን ልናገር፣ አያያዟ ደስ ብሎኝ ነበር። ቄስ እንኳ እንደዚያ አይይዘውም።

ብዙ ሳይቆይ አንድ ቀን ፊቷ በርቶ መጣች። ያንን ዳዊት ከሩቅ ያሉ ሰዎች እያዩት እንደሆነ፣ ስለሱ የሚጠይቅ መልእክት እንደደረሳት ነገረችኝ። ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው አልኳት። አነበበችልኝ። የቅጠሉ ብዛት አለ። የኋላው የእንጨት ሽፋን፣ ገበታው፣ ከታች ተሰንጥቆ በጠፍር መሰፋቱ አለ። መጀመሪያው ቅጠል ላይ የጧፍ ጠብታ መኖሩ አለ። በመጨረሻ የተጻፈው የሰውዬው አባት ስምና የደብሩ ስም አለ። አንድም ምልክት አልቀረም። ከብቱን ገበያ መሀል አቁማ ቀንዱንም ጆሮውንም ለአገሩ ሁሉ ተናግራለታለች።

ያን ጊዜ ነው አደራ መሆኑን የነገርኳት። እጇ ከኮምፒውተሩ ላይ ወረደ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አደራ ይነገራል እንዴ?»

«ካልተነገረ ታዲያ የመንግሥት ቁም ሳጥን ውስጥ ምን ይሠራል?»

ወዲያው ከኛ መዝገብ ሰረዘችው። የወሰዱት ግን ወስደዋል፤ ከነሱ ዘንድ ያለው በኛ መሰረዝ ብቻ አይጠፋም። ለእያንዳንዳቸው የሰው አደራ ነውና አውጡልን ብላ ጻፈች። ገሚሱ እሺ አለ፤ ገሚሱ ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ በሰላም ተቀምጬ አላውቅም። ወንበሬን ከበሩ አንስቼ ቁም ሳጥኑን ተደግፌ መዋል ጀመርኩ። ደጅ ላይ መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ እጄ ወደ ቁልፉ ይሄዳል። የድሮ ብራና ከዚህ ከተማ ድንበር ለመሻገር ብዙ መንገድ አይቀረውም፤ የድንበሩ ከተማ መተማ ሩቅ አይደለም።

አንድ እንግዳ ሰው የመጣው ልጅቷ ለምሳ በወጣችበት ሰዓት ነው። ጎልማሳ፣ ንጹሕ የለበሰ፣ አንደበተ ርቱዕ። የዳዊቱ ባለቤት ወንድም ነኝ አለኝ። ምልክቱን ጠየቅኩት። የአባቱን ስም ጠራ፤ ደብሩን ጠራ፤ የተሰነጠቀውን ገበታ፣ ጠፍሩን፣ የጧፉን ጠብታ አንድ ሳይስት ተናገረ። ወንድም ቢሆንም ይህንኑ ነው የሚለኝ፤ ሌባ ቢሆንም ይህንኑ ነው የሚለኝ። በምን ልለየው? ቁልፉን ሰክቼ አንድ ጊዜ አዞርኩት። ለመገላገል ጓጉቼ ነበር፣ አልዋሽም።

እጄ በሩ ላይ እንዳለ ሹራቡ ትዝ አለኝ። ልጅቷ ሹራቡን አይታው አታውቅም።

«በምን ተጠቅልሎ ነበር?» አልኩት።

«በነጭ ነጠላ ነዋ። ዳዊት በሌላ ይጠቀለላል?»

ቁልፉን መልሼ አዞርኩና ከኪሴ ከተትኩት።

«አልሰጥህም።»

የፈለግከውን ወረቀት ላምጣልህ ወይ አለኝ፤ አንቱታው ቀርቶ። አምጣ አልኩት። ፈገግ አለ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «ቤትህ ከወፍጮው ጀርባ ነው፣ አይደል?» አለኝና ወጣ።

ከወፍጮው ጀርባ ነው። ቤቴን ምንም ኮምፒውተር አልመዘገበውም። ባለቤቴን ለተወሰነ ጊዜ ሳንጃ ካለችው እኅቷ ዘንድ ሰደድኳት፤ ጉልበቷን ሐኪም ታሳይ ብዬ እንጂ እውነቱን አልነገርኳትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የልጅቷ ስልክ ጮኸ፤ አዳምጣ ለኔ ሰጠችኝ። የጎጃም ሴት ናት፤ የዳዊቱ ባለቤት ሚስት ነኝ አለችኝ። የደብራቸው ዲያቆን ዩኒቨርሲቲ ይማራል አሉ። አንድ ቀን በተማሪዎቹ ኮምፒውተር የደብሩን ስም ሲፈልግ፣ የሟች አማቷ ስም ያለበት ዳዊት ሸሕዲ ነው የሚል ከነስልክ ቁጥሩ አገኘ። እኔ ግን ያንን ወንድም ነኝ ባይ ያየሁ ነኝ፤ ልቤ ደንድኗል። ምልክቱን ንገሪኝ አልኳት። የመጽሐፉን ነገር እንደማታውቅ፣ እንደማታነብም ነገረችኝ።

«እኔ የማውቀው የጠቀለልኩለትን ነው» አለች። «የልጃችን ሹራብ ነው፣ አረንጓዴ። ግራ ክርኑን በጥቁር ክር ጠቅሜዋለሁ።»

ክርኑን አይቼዋለሁ። በጥቁር ክር ነው።

«ነይ፣ ልጄ» አልኳት።

«አባቴ፣ እሱስ?» አለችኝ።

ስልኩን ለልጅቷ መለስኩላት። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፤ ወደ በረንዳው ወጥቼ ነበር።

እንግዲህ ከሌባው የባሰ ፍርሃት ያን ጊዜ ገባኝ። ካንተ በቀር ለማንም ብዬዋለሁ። ለሷ ከሰጠሁ ሞቷል ብዬ መፍረዴ ነው። ከከለከልኳት ደግሞ ያንን ሁሉ አገር አቋርጣ የመጣችን ሴት ባዶ እጇን መስደዴ ነው። ሁለት ቀን አሰብኩበት። በሦስተኛው ቀን፣ ሴትዮዋ በምትደርስበት ቀን ጠዋት፣ ልጅቷን ጠራሁና የሰረዝሽውን መልሺው አልኳት። አብደዋል እንዴ የምትል መሰለችኝ፤ ግን አላለችም።

«ምልክቱን ተይው» አልኳት። «የአባቱን ስምና ደብሩን ብቻ ጻፊ። ከዚያ፣ አደራ ነው፣ ለሚስቱ ተሰጥቷል፣ ባለቤቱ ይጠበቃል በይ።»

ባለቤቱ ይጠበቃል የሚል ቦታ ፎርሙ እንደሌለው ነገረችኝ። ፈልገሽ አግኚለት አልኳት። ማስታወሻ የሚገባበት መስመር አገኘችና እዚያ ጻፈችው። ያኔ ገልብጠው የወሰዱት ይህንንም ይወስዱት እንደሆን ጠየቅኳት። ብዙዎቹ ይወስዱታል አለችኝ። ሱዳንም ይሁን የትም፣ በሕይወት ካለ አንድ ሰው አንብቦ ይነግረው ይሆናል።

ከቀትር በኋላ የጎንደሩ አውቶቡስ ከተማው መግቢያ ላይ ጡሩምባውን ነፋ። ዳዊቱን አውጥቼ በሹራቡ ጠቅልዬው ነበር። ተነሥቼ በሩ ድረስ ሄድኩ፤ ደፉን መሻገር ግን አቃተኝ። እዚያው ቆሜ፣ ሜዳው ላይ ከቆመው አውቶቡስ የሚወርደውን ሰው እያየሁ፣ እሱስ የሚለውን ደግማ ብትጠይቀኝ የምላትን ፈለግኩ። ዳዊቱን ከነሹራቡ በሁለት እጄ ያዝኩት።