ሬሳ ሆኜ የቀናሁ ዕለት

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «አክስቴ፣ ይቺን የድሮ ቪዲዮ እያት፤ አገሩ ሁሉ እየተቀባበላት ነው» አለችኝ። ገና ድምፁን ስሰማ አወቅኩት። ጽጌ ናት፤ ጭር ባለ ሜዳ ላይ ተንበርክካ ስታለቅስ። ሰዉ ከሥር የጻፈውን የእህቴ ልጅ አነበበችልኝ። ይቺ ልጅ ማናት፣ እንዴት አንጀት ትበላለች፣ ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። እኔም አለሁበት አልኳት። «አንቺስ የት ነሽ?» ብትለኝ ከጽጌ ፊት የተዘረጋውን ጥቁር ባና አሳየኋት። ከባናው ሥር ነኝ። ስለ እኔ አንድም ሰው አልጻፈም፤ መቼስ ስለ ብርድ ልብስ ማን ይጽፋል።

ያኔ ቀየት በምትባል የደጋ ከተማ ነበርን፤ ትምህርት ጨርሰን ሥራ ያላገኘን ወጣቶች። የሰርግ ቪዲዮ የሚያነሳው አሰፋ ካሜራ ነበረው፣ እኔ ደግሞ ታሪክ ነበረኝ። ዓለም አልቋል፤ ከሰው ዘር የተረፉት ሦስት ሰዎች አንድ የፈረሰ ፊልም ስቱዲዮ ውስጥ ተጠልለው፣ የሚያይላቸው እንደሌለ እያወቁ ፊልም መሥራታቸውን አይተዉም። ስቱዲዮ ያደረግነው ጣሪያው የተገለጠ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። ለዓለም መጨረሻ የሚሆን ቦታማ አልቸገረንም፤ የየካቲት ነፋስ አለ፣ ገብሱ የታጨደበት ማሳ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። ልብሳችን የየቤታችን ባና ነበር፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ብርድ የማያስገባ፣ ሲረጥብ ግን የሚከረፋ።

ከሦስቱ አንዷ፣ ሔዋን፣ ትሞታለች፤ ጓደኛዋ ታለቅስላታለች። አልቃሿን የጻፍኳት ለራሴ ነበር። አሰፋ ግን «እስቲ ሁለታችሁም አልቅሱና ልያችሁ» አለ። እኔ ፊቴን ባጨማድድ፣ ዓይኔን ባሽ፣ ጠብ የሚል እንባ ጠፋ። ጽጌ ትንሽ መሬት መሬቱን አየችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በቃ፣ አለቀ።

«ብርቄ፣ አንቺ ሟቿን ሁኚ» አለኝ።

«እኔው በጻፍኩት?»

«ሟች ከሌለ እኮ ለቅሶ የለም» አለ፣ ሊያባብለኝ።

ጽጌ አብሮ አደጌ ናት፤ ከአንድ ገበታ በልተን ነው ያደግነው። ያን ሰሞን ግን ሳያት ሆዴ ይቃጠል ነበር። ምናለ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ቢዘጋ እያልኩ ነው የማድረው። እሷ ምኑም ሳይገባት ቆሎ ታመጣልኛለች፤ ቆሎውን እየበላሁም እቀናለሁ።

ካሜራው ከሰርግ የሚያርፈው በገበያ ቀን ስለነበር የወጣነውም በገበያ ቀን ነው። የገበያው መንገድ ከሜዳው ራስጌ እንደሚያልፍ ማናችንም ልብ አላልንም። ባናውን ተከናንቤ ተጋደምኩ፤ ጠጠሩ ጀርባዬን ይወጋኛል። ጽጌ ጀመረች። «ሔዋን» ማለት ሲገባት «ብርቄ» አለች። «ብርቄ እህቴ፣ ለማን ጥለሽኝ ሄድሽ» እያለች ደረቷን ትደቃለች። እኔ ከሥር ጥርሴን ነከስኩ። ቦታዬን ወስዳ ስሙን እንኳ አላጠናችው።

እኛ አገር የለቅሶ ድምፅ ሰምቶ የሚያልፍ የለም። መጀመሪያ የአንዲት ሴት ዋይታ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ብዙ ኮቴ። ኋላ እንደነገሩኝ ሽንኩርት የተሸከመው ሽንኩርቱን አውርዶ፣ በግ የሚነዳው በጉን ትቶ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወረዱ። ከቆላ ጨው ይዘው የመጡ ሙስሊም ነጋዴ «ኢና ሊላሂ» ሲሉ ሰማኋቸው። ሦስት ሰው ብቻ ቀረ ባልነው ዓለም ላይ ገበያው ተገልብጦ መጣ። አሰፋ ካሜራውን አላጠፋም። እኔም እፍረት ይዞኝ እንደተጋደምኩ ቀረሁ።

ከዚያ የእማዬን ድምፅ ሰማሁ። ብርቄ ሞተች ብለዋት ከገበያ እየሮጠች መጥታለች። ባናውን ወርውሬ ብድግ ስል ሴቶቹ እያማተቡ ወደ ኋላ ሸሹ። እማዬ ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰች፣ ትከሻዬን ነካካች፣ በሕይወት መኖሬን ስታረጋግጥ በጥፊ አለችኝ። ቀጥላ ጽጌ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«ለልጄ እንዲህ የምታነቢላት፣ ከእንግዲህ አንቺም ልጄ ነሽ» አለቻት።

«እትዬ፣ ፊልም እኮ ነው» አለች ጽጌ፣ እንባዋን ሳትጠርግ።

«ይሁን። እንባው ፊልም አይደለም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቅቤ የታሸው የበሶ ጭብጦ መጀመሪያ የሚቆረሰው ለጽጌ ሆነ። አልቃሽነቱን ነጠቀችኝ ብዬ ስንገበገብ እናቴንም ተካፈለችኝ።

ጽጌ ኋላ ራቅ ብላ ዓለም ከተማ ሄዳ አገባች። እማዬ ስታርፍ ያን ሁሉ ኮረኮንች በአውቶቡስ አቆራርጣ መጣች፤ ገና ስትወርድ በጀመረችው ለቅሶ መንገደኛው ቆመ። እኔ እንባዬ ደርቆ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። አንዱ እንግዳ ወደ እሷ እያመለከተ «የሟች ልጅ እሷ ናት?» ብሎ ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰማሁ። በእናቴ ቀብር ላይ ቀናሁ።

«ታዲያ አትወጃትም ማለት ነው?» አለች የእህቴ ልጅ፣ ስልኩን እየዘጋች።

ትናንትም ደውዬላታለሁ። ስኳሩ በርትቶባታል፣ መድኃኒቷን ትረሳለች፤ ተቆጣኋት። ደግሞም ከልቤ ነው የተቆጣሁት። እሷ ከቀደመች ለቅሶው የእኔ ተራ ነው፤ በእኔ ለቅሶ ደግሞ በጉን ትቶ የሚወርድ ገበያተኛ የለም። በኋላስ ለእኔ ማን ያለቅስልኛል?