ጊኖ ቦርኮቶውን ሲያስነካ

ዛሬ ጂንካ ገበያ ላይ አብሮኝ የተማረው ጊኖ ቦርኮቶውን መሬት አስቀምጦ የድሮ አስተማሪያችንን እትዬ ጽጌን «ተቀመጪበት» ሲላቸው በዓይኔ አየሁ።

ምኑ ይገርማል የምትሉ ካላችሁ ላውራላችሁ።

በደርግ ጊዜ ትምህርት ቤታችን ያስቸገረ ተማሪ የሚላክባት አንዲት ክፍል ነበረችው። ኃላፊዋ እትዬ ጽጌ ነበሩ። እኔ የተላክሁት በወሬ ነው፤ መቼም ማንም አይደነቅም።

ጊኖ ግን በድብድብ ነበር። ቦርኮቶ፣ የሐመር ወንድ ከእጁ የማይለያት ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ናት። የእሱን ከነካበት ሁሉ ጋር ይደባደባል። ዲሬክተሩም፣ «ወይ ይህን መደብደቢያውን ያስረክብ፣ ወይ ይባረር» አሉ። አባቱ ደግሞ ከብት ጠባቂ አጥተው መባረሩን በጉጉት ይጠብቁ ነበር። ልጁ ግን መማር ይፈልጋል።

እትዬ ጽጌ ረጋ ብለው፣ «ጓድ ዲሬክተር፣ መቀመጫው እኮ ነው። አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ለእኔ ይተዉልኝ» አሉ። ወደ እኛ ዞረውም፣ «የጊኖን ዕቃ የነካ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው» አሉን።

ጊኖ ከኋላ ቦርኮቶው ላይ ተቀምጦ ተማረ። ድብድቡም ቀረ። ዛሬ እሱ ራሱ አስተማሪ ነው።

እትዬ ጽጌ አሁን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዛሬ ገበያ ላይ ቦርኮቶውን ሲያቀርብላቸው፣ «ተው ልጄ፣ ይህን ሰው አይነካብህም አይደል?» አሉት።

«ያኔ አንቺ አስቀመጥሽኝ። አሁን ተራው የእኔ ነው» አላቸው። ተቀመጡ።

እናንተስ «አስቸጋሪ» ስትባሉ ማን ቦታ ሰጣችሁ? እስቲ አውሩኝ፤ እኔ እንደሆንኩ ወሬ አልጠግብም።