ያዘ እስኪባል

ቀጭኔ ነው የሚሉት። በር ሲገባ ጎንበስ ካላለ ግንባሩን ይገጫል፤ አንገቱማ ለብቻው አንድ ሰው ያህላል። ሃያ ዓመት ሙሉ የኖረው በዚሁ አንገት ነው፤ ኮርኒስ ሠሪ ነበራ!

የኮርኒስ ሥራ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ መወጣጫው ላይ ቆሞ የጂፕሰሙን ሰሌዳ በሁለት እጁና በአናቱ ወደ ላይ ይደግፋል። ሌላው ድሪል ይዞ በብሎን ያስረዋል። አራቱም ማዕዘን ታስሮ ገጣሚው «ያዘ!» እስኪል ድረስ ደጋፊው ንቅንቅ አይልም፤ «ያዘ» ከተባለ ደግሞ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ እጁን ይለቃል። በሙያው ይህችን ቃል የሚጠራጠር የለም። ዛሬ አንተ ከደገፍክ ነገ እኔ እደግፋለሁ፤ ደንቡ እንዲህ ነው።

ለቀጭኔ ግን ደንቡ አልሠራም። ገጣሚው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነበር። ሥራ ከመጀመሩ ጨረስኩ ስለሚል ቶሎቶሎ ይሉታል። «ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ» የተባለው ለእሱ ነው ብላችሁ ብትምሉ ኃጢአት የለበትም። የመደገፍ ተራው በደረሰ ቁጥር «አንተ እኮ መሰላል ነህ፤ ፈጣሪ ለዚሁ ነው የሠራህ» ይልና ይስቃል። ቀጭኔም አብሮ ይስቃል። የሚስት ወንድም ነው፣ ምን ይበለው! እንዲህ እየተሳቀ ስድስት ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቶሎቶሎ ሁለት ብሎን እንዳስገባ ስልኩ ጮኸ። «ያዘ!» አለና ስልኩን ይዞ ወረደ። ቀጭኔ እጁን ለቀቀ። ሰሌዳው ግን አልያዘም ነበር። ያን ሁሉ ክብደት አናቱ ተቀበለው፤ አንገቱ ቋ አለ፤ ከማጅራቱ እስከ አውራ ጣቱ ኤሌክትሪክ የመሰለ ነገር ወረደበት።

የሚያሠራቸው ድርጅት ሰው መጥቶ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቅ ቶሎቶሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ማታ ከአልጋ ወድቆ ነው ያደረው፤ ጠዋትም አንገቴን፣ አንገቴን ሲል ነበር» አለ። ሰውየው ለማጣራት ወደ ቀጭኔ ሚስት ደወለ። ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ነው፤ ቀጭኔ ጣውላ ላይ ተንጋሎ እያንዳንዱን ቃል ይሰማል።

«ወንድምሽ ባልሽ ማታ ከአልጋ ወድቋል ይላል፤ እውነት ነው?»

 በአንድ በኩል ወንድሟ፣ በሌላ በኩል ባሏ። በመጨረሻ «እንጃ፤ ተኝቼ ነበር» አለች።

በዚህችው ቃል የሥራ ላይ ጉዳት መሆኑ ቀረ። የሕክምና ደብዳቤውን ከለከሉት፤ በመንግሥት ሆስፒታል ስምንት ወር ወረፋ ጠበቀ። መጀመሪያ ክንዱ ነደደ፣ ቀጥሎ ብርጭቆ ከእጁ ይወድቅ ጀመር፣ በመጨረሻ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አቅቶት ሚስቱ ትቆልፍለት ጀመረች። እሷ ስትቆልፍ እሱ ግድግዳ ያያል። አንድም ቀን ነገሩን አላነሳባትም፤ ቂም የያዘ ሰው መጮህ ምን ያደርግለታል?

ሐኪሙ የአንገቱን ፊልም መብራቱ ላይ ሰቅሎ አሳየው። በአንገት አጥንቶቹ መሃል ያሉት ሁለት ዲስኮች ተበላሽተው ወደ ኋላ ወጥተዋል፤ ነርቩን ተጭነው ይዘውታል።

«ከፊት፣ በጉሮሮህ በኩል ገብተን የተበላሹትን እናወጣለን፤ በቦታቸው ድጋፍ እናስገባለን። ከዚያ ሦስቱን አጥንቶች በብረት እናስራቸዋለን፤ ከጊዜ በኋላ ተጋጥመው አንድ አጥንት ይሆናሉ» አለው።

«በስንት ብሎን ነው የሚታሰረው?»

«በስድስት።»

«አደራ ዶክተር፣ ቶሎቶሎ እንዳይሆን።»

«አንቸኩልም፣ አይዞህ» አለ ሐኪሙ፣ የማን ስም እንደተጠራ ሳያውቅ።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። የክንዱ ቃጠሎ በማግስቱ ጠፋ። ድምፁ ሻክሮ፣ ምራቁን መዋጥ እየከበደው፣ አንገቱ በማቀፊያ ታሽጎ ከረመ። ሁለት ጣቶቹ ግን እንደደነዘዙ ቀሩ። «ቀደም ብለህ ብትመጣ ይመለሱ ነበር» አለው ሐኪሙ። «ከእንግዲህ ቀና ብለህ የምትሠራው ሥራም አብቅቷል።» ቀጭኔ ምርር ብሎ አለቀሰ። እንባውን ሲጠርግ ግን ልቡ ቆርጦ ነበር፤ ቶሎቶሎ በሰው ፊት፣ በገዛ አፉ እውነቱን ሳይናገር አልሞትም አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ዓመት ቆይቶ አንዲት መሐንዲስ የኮርኒስ ተቆጣጣሪ አድርጋ ልትቀጥረው አሰበች። «ቀና ማለት ካልቻልክ እንዴት ልታየው ነው?» ብትለው «እተኛለሁ» አላት። እውነቱን ነው። ካርቶን አንጥፎ ወለሉ ላይ በጀርባው ይንጋለላል፤ ጫፉ ላይ ማግኔት የታሰረበት ረጅም ዘንግ ወደ ላይ ይሰዳል። ከቀለሙ ሥር ብሎን ካለ ማግኔቱ ጠቅ ብሎ ይይዛል፤ ከሌለ ዝም። ሠራተኞቹ «እስቲ አንገትህን ይይዛል?» ብለው ቢቀልዱበት ሞከረው፤ አልያዘም። «የእኔ ብሎን ዘሩ ሌላ ነው» አላቸው።

ቶሎቶሎ በዚያው ሕንፃ ትልቁን አዳራሽ መሥራቱን የሰማ ዕለት መሐንዲሷን «ያንን ለእኔ ይስጡኝ» ብሎ ለመናት። እንዲህ ያለ ቀን ሲጠብቅ ነው የኖረው፤ ምን ያስዋሻል!

ካርቶኑን አነጠፈ። ዘንጉን ሰደደ። ጠቅ። ዝም። ዝም። ጠቅ። በየስንዝሩ መታሰር የነበረበት በየሦስት ስንዝሩ ነው የታሰረው።

«ጋሼ፣ ይሄ ኮርኒስ በጸሎት ነው የቆመው?» አለ ከወለሉ፣ አጠገቡ የቆመውን ቶሎቶሎን።

«አንተ! አማችህን በሰው ፊት ልታዋርድ ነው?»

«ማግኔቱ ነው እንጂ እኔ ምን አልኩ!»

መሐንዲሷ ሰሌዳዎቹ ወርደው እንደገና ይታሰሩ አለች። «እንግዲያው ጋሼ ይደግፍ» አለ ቀጭኔ፤ «የስድስት ዓመት ተራ አለበት። ድሪሉን ሌላ ሰው ይያዝ። ያዘ የምለው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ቶሎቶሎ ሰሌዳውን አናቱ ላይ አደረገ። አንደኛው ብሎን ገባ። «ጠሟል፤ ይፈታ» አለ ቀጭኔ። ሁለተኛው ገባ። «ይሄም ይፈታ።» ጠሞ ነበር? የምን መጥመም! ቀጭኔ እያወቀ ነው የዋሸው፤ ደግሞም ደስ ብሎታል። የቶሎቶሎ ክንድ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ተንጠባጠበ።

«ያዘ በል እንጂ! ሰው አይደለህም እንዴ?»

«ቆይ ጋሼ፤ ያን ቀን ያዘ ስትለኝ ስንት ብሎን ገብቶ ነበር?»

«አሁን ይሄ ምን አመጣው…»

«ይፈታ» አለ ቀጭኔ ባለ ድሪሉን።

«ሁለት! ሁለት ነበር!»

«ታዲያ ለምን ወረድክ?»

«ስልክ… ስልክ ተደውሎልኝ ነው!»

«ከአልጋስ የወደቀው ማነው?»

ሠራተኛው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ያያል፤ መሐንዲሷም በሩ ላይ ቆማለች።

«ማንም አልወደቀም! እኔ ነኝ የዋሸሁት! በእናትህ፣ ያዘ በል!»

ባለ ድሪሉ አራቱንም ማዕዘን አሰረ። ቀጭኔ ግን አልቸኮለም። ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ በዘንጉ ዳሰሰ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አጥብቆ ለማረጋገጥ መልሶ ከመጀመሪያው ዳሰሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ያዘ» አለ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ወንድሟ ቀድሞት መጥቶ ሄዷል።

«ወንድሜ አንገቱን ይዞ ነው የመጣው፤ ማዞር አቅቶታል። ብጠይቀው አልናገርም አለ። ምን ሆኖ ነው?»

ቀጭኔ እንደ ልማዱ አንገቱን ሳይሆን መላ ሰውነቱን ወደ እሷ አዞረ።

«ከአልጋ ወድቆ ይሆናላ» አላት።

የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ልትፈታለት ተዘርግቶ የነበረው እጇ እዚያው ቀረ።

«ከአልጋ? አንተ… ሲወድቅ አይተኸዋል?»

«እንጃ» አለ ቀጭኔ፤ «ተኝቼ ነበር።»