የአባ ጫማ ወለል

የዩኒቨርሲቲው ሁለገብ አዳራሽ የማያስተናግደው ነገር የለም። ጠዋት ፈተና፣ ከሰዓት መረብ ኳስ፣ ቅዳሜ ምረቃ፣ እሑድ ኮንሰርት። ይህ ሁሉ መዓት የሚወርደው በአንድ የእንጨት ወለል ላይ ነው። ያን ወለል አስራ ዘጠኝ ዓመት እንደ ዓይኑ ብሌን የጠበቀው፣ ተማሪዎቹ አባ ጫማ የሚሉት የአዳራሹ ሠራተኛ ነው።

ስሙን ያወጡለት በከንቱ አይደለም። የውጭ ጫማ አድርጎ የመጣ ሰው ካየ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በሩ ላይ ገትሮ ያስወልቀዋል፤ አለቀ ደቀቀ። አንዴ የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት ከነእንግዶቻቸው በካልሲ አስጎብኝቷቸዋል፤ የአንደኛው እንግዳ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር ይባላል። ሚስቱ "የቤታችን ሲሚንቶ ተልጦ አልቋል፣ አንተ የሰው ወለል ታበራለህ" ትለዋለች፤ እሱ ይስቃል። እዚያው ግቢ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሆነችው አንዲት ልጃቸው መረብ ኳስ የምትጫወተው በዚሁ የአዳራሹ ወለል ላይ ነው። እንዳያንሸራትታት ብሎ ነው ከሁሉም ቀን ይልቅ በጨዋታዋ ቀን የሚደክመው።

አንድ የጨዋታዋ ቀን ሲዘንብ አርፍዶ ግቢው ጭቃ ብቻ ሆኗል። ጨዋታው ሲጋጋል አባ ጫማ መወልወያ ሊያመጣ ዕቃ ቤት ገባ። ፊሽካ ሰማ፤ ፊሽካ የማይሰማበት ቀን የለምና ከቁብ አልቆጠረውም። ሲወጣ ሁለት የመጀመሪያ እርዳታ ሠራተኞች ቃሬዛ ይዘው፣ ቦት ጫማቸው ጭቃ እንደ ለበሰ በጎን በር ሊገቡ ነው። በሩን በደረቱ ዘጋው።

"ጫማ" አለ።

"ሰው ወድቆ ነው፣ አባባ።"

"ሰው ሁልጊዜ ይወድቃል። አውልቁ።"

በየጨዋታው ቁርጭምጭሚቱ የሚዞርበት አይጠፋም፤ እሱ ያሰበው ያንን ነው። ልማድ ክፉ ነው። ጉድ የሚያሰኘው ግን ሰዎቹ እሺ ማለታቸው! አባ ጫማን እምቢ ማለት በዚያ ግቢ አልተለመደም፤ ጎንበስ ብለው ማሰሪያቸውን ይፈቱ ጀመር። ከዚያ አሰልጣኙ ከመሃል ሜዳ "የት ቀራችሁ፣ ልቧ ቆሟል!" ብሎ ሲጮህ አባ ጫማ ዞር አለ። የወደቀችው ልጁ ነበረች። የከበቧት ሁሉ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ቆመዋል።

ክው አለ። ሰዎቹ አንድ እግር በካልሲ፣ አንድ እግር በቦት እንደ ሆኑ ገፍተውት ሲሮጡ እሱ ደርቆ ቀረ። ደረቷን ሲጫኑ ያያል።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ልቧ መምታት ጀምሯል፤ ዓይኗን ግን አልገለጠችም። ወሬውን ሰምታ የመጣችው ሚስቱ እጁን ጨብጣ አጠገቡ ተቀምጣለች። ሐኪሟ ወጣችና "ከወደቀች በኋላ እርዳታ ሳታገኝ ስንት ደቂቃ ቆየች? ለሕክምናዋ ትክክለኛውን ማወቅ አለብኝ" አለች።

ቃሬዛ ከያዙት አንደኛው አባ ጫማን ሰረቅ አድርጎ አየና "ወዲያው ነው የደረስነው" አለ።

አዝኖለት ነው የዋሸው። አባ ጫማ ዝም ቢል ነገሩ ተዳፍኖ ይቀር ነበር። ግን ሐኪሟ ልትጽፍ ነው፤ የምትጽፈው ደግሞ የልጁን ነገር ነው።

"ወዲያው አይደለም" አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። "በር ላይ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። ጫማ አውልቁ ብዬ። አንድ ደቂቃ ይሆናል፤ ሊበልጥም ይችላል።"

ሐኪሟ ጻፈችና ተመልሳ ገባች። ሚስቱ ዞራ አየችው።

"ልጄን?" አለችው፣ በቀስታ።

እጇን ከእጁ ውስጥ አወጣች።