ግድግዳ የሚፈራ ዋይፋይ

ሰው ሁሉ ዋይፋይ ሲገዛ ሩቅ የሚደርሰውን ይፈልጋል። እኔ ሰቆጣ ገበያ ውስጥ ከሱቅ ሱቅ የዞርኩት የማይደርሰውን ፍለጋ ነበር። አሁን ሳስታውሰው ሳቄም እንባዬም እኩል ይመጣል፤ ያን ጊዜ ግን ፍርሃት እንጂ ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ሞቷል፤ እናቴ አልሰማችም።

ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ኑሮውን ያደረገው ሐዋሳ ነው። ታመመ ሲባል ሞተ ተባለ። መንገዱ አስተማማኝ ስላልነበረ ሬሳውን ማምጣት አልተቻለም፤ እዚያው ተቀበረ። እኔ መምህርት ነኝ፤ የተደወለልኝ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ነው። ጠመኔውን እንደያዝኩ ወጥቼ ዕቃ ቤት ገባሁና አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ ቤቴ ሄድኩ። እናቴ ልቧን ታማ ከሆስፒታል ከወጣች ሁለት ሳምንት አልሞላትም ነበር። ሐኪሙ ሲሸኘን “ድንገተኛ ነገር እንዳትሰማ፣ መድኃኒቷንም አንድ ቀን እንዳታቋርጥ” ብሎ ደጋግሞ አስጠንቅቆኛል።

የንስሐ አባቷና አጎቶቼ ተቀምጠው መከሩ። መርዶው ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ እሷም በረታ ስትል፣ በወጉ ይነገራት ተባለ። ማልደው መጥተው፣ ከብበው፣ ደግፈው ይዘው ያረዷታል። “አንቺ እስከዚያ አፍሽን ዝጊ፣ ፊትሽንም አስተካክዪ፤ ሌላ ምንም አይጠበቅብሽም” አሉኝ የንስሐ አባቷ። ምንም! እስቲ እሳቸው ይሞክሩት።

እኔ እንደሆንኩ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። ወንድሜ “ይቺ ጥላዋን አይታ የምትሮጥ” እያለ ሲስቅብኝ ነው ያደግነው። እንግዲህ ለእንደኔ ዓይነቷ ነው ይህን የሚያህል ነገር የተሰጣት። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በግቢያችን በር ሥር ቆም ብዬ ነጠላዬን አዘቀዝቀዋለሁ፤ ሐዘንተኛ ነኝና ነጠላዬን አቅንቼ መንገድ ብወጣ ሰው ምን ይለኛል? ስመለስ በሩን ከውስጥ እዘጋና እዚያችው ቦታ ላይ መልሼ አቀናዋለሁ። ዓይኔን በጫፉ እጠርግና ጉሮሮዬን አጽድቼ “እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ!” እያልኩ እገባለሁ። ድምፄ እንኳ የሰው ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤት በገባ ቁጥር ደግሞ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። አንዲት ጎረቤታችን እናቴን ገና ስታያት ዓይኗ እንባ ሞላ። ብድግ አልኩና “ጭሱ ነው! ጭሱ ነው!” ብዬ ጮኽኩ። ቤቱ ውስጥ እሳት እንኳ አልተያያዘም ነበር። እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ምድጃውን አየች።

ከሁሉ የባሰው ግን ስልኳ ነው። በአካባቢያችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት ሆኖታል፤ ተራ ጥሪ ግን ይሠራል። ወንድሜ ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውልላት “እማዬ፣ ድምፅ ልኬልሻለሁ፤ ኢንተርኔቱ የተገኘ ዕለት ይገባልሻል” ብሏታል። እሷ ያንን ይዛ ቀረች። ስልኩ ለምን ዝግ ሆነ ስትለኝ “በረሃ ለሥራ ወርዶ ነው፣ ጥሪ አይገባም” ብዬ ዋሸኋት። “እሺ፣ እሱ ባይገባ የላከው ድምፅስ?” አለችኝ።

በቤታችን ኢንተርኔት አለ። የርቀት ትምህርት እማራለሁና የቤት መስመር አስገብቻለሁ፤ ሞደሙ ግን አሮጌ ነው፣ ከኮምፒውተሬ ጋር በሽቦ እንጂ ያለ ሽቦ አይሠራም። ኮምፒውተሩ ያለው እኔ ከምተኛባት አዲሷ ቤት ነው። እናቴ የምትተኛው በግቢው ወዲያኛው ጫፍ፣ አባታችን ካሠሩት የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ሽቦ ስልኳ ላይ አይሰካ፤ እኔም በዚህ ተመስገን ብዬ ነበር። ኋላ ግን ከጠያቂዎቿ አንዱ “ለሽቦው የሚጨመር ዕቃ አለ፤ እሱ ካለ ስልክሽ በአየር ይቀበላል” ብሎ ነገራት። ማን እንደሆነ ባወቅሁ!

ከዚያ በኋላ ሙጭጭ አለች። ጠዋት ዕቃው፣ ማታ ዕቃው። ፍርሃቴ ገብቷችኋል መቼም። ስልኳ አንዴ ከተገናኘ የሚገባው የወንድሜ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ የዘመዱ ሁሉ “ነፍስ ይማር” ከነፎቶው፣ ከነሻማው ተከታትሎ ይገባል። እናቴ ደግሞ ታነባለች፤ አባታችን ቄስ ስለነበሩ ፊደል አስቆጥረዋታል። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ደጋፊ፣ አልጋዋ ላይ ብቻዋን ከስልክ መርዶዋን ልታነብ ነው። ልቧ ቀጥ ቢል ገዳይዋ እኔ ነኝ። ስልኳን ልደብቀው አስቤ ነበር፤ በጨርቅ ከረጢት አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ነው የምትተኛው። ላዘግየው ብል አንድ ቀን የመድኃኒቱን ብልቃጥ ወደ እኔ ገፋ አደረገችና “የልጄ ድምፅ ካልመጣ አልውጥም” አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ እግሯ ላይ ወደቅኩ። እሺ በጄ አትልም። “የምትደብቂኝ ነገር ከሌለሽ ምን አስጨነቀሽ?” አለችኝ።

ስለዚህ ልገዛላት ቆረጥኩ፤ ግን እሷ ዘንድ የማይደርሰውን። ይኸው ዕቃው ተገዛ፣ ግድግዳው ግን አላሳልፍም አለ፣ ምን ላድርግ ልላት። ጥፋቱ የድንጋዩ እንጂ የእኔ አይሆንም።

በማግሥቱ ባጃጅ ይዤ ገበያ ወረድኩ። ሁለት ሱቅ ገብቼ አፍሬ ወጣሁ። በሦስተኛው ያገኘሁት ሰውዬ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው። ነጠላዬን አይቶ ተነሣና “እግዜር ያጥናዎት፣ ቲቸር” አለኝ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። አንደኛው አሮጌውን ሞደም ጨርሶ የሚተካ፣ አራት አንቴና ያለው ትልቅ ነው። ሌላው ከደጅ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር የሚሰቀል ነው። ሦስተኛው ካለኝ ሞደም ላይ በሽቦ የሚሰካ፣ አንቴና የሌለው ትንሽ ሳጥን ነው።

“የቤቱ ግድግዳ ምንድን ነው?” አለ።

“እናቴ የምትተኛበት ድንጋይ ነው።”

“ውፍረቱስ?”

“ክንድ ያህላል።”

“እንግዲያው ከደጅ የሚሰቀለውን ይውሰዱ። ወይም ኬብል ስበን እዚያው እናትዎ አልጋ አጠገብ እንስቀልልዎት፤ ጥርት ብሎ ይሠራል።”

አልጋዋ አጠገብ! “ድንጋይ የማያልፈው የቱ ነው?” አልኩት።

ሳቀ። “ምነው ቲቸር፣ ሰው የሚጠይቀኝ ስለሚያልፈው ነው።”

“አልሰማችም” አልኩት።

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። መርዶ ያልደበቀ ቤት የለምና ማብራሪያ አላስፈለገውም። ባለ አራት አንቴናውን አንሥቶ እንደ ነውር ነገር ከመደርደሪያው በታች ከተተው። ትንሿን ሳጥን ወደ እኔ አስጠጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ይቺ ሁለት ዓይነት ሞገድ አላት” አለኝ። “አንደኛው ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ያልፋል። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ግን ግድግዳ ይፈራል። የመጀመሪያውን አጥፍቼ ሁለተኛውን ብቻ እተውልዎታለሁ።”

ግድግዳ የሚፈራ! የሥጋ ዘመዴን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። “እሱን ስጠኝ” አልኩት። እዚያው አስተካክሎ፣ የይለፍ ቃሉን ጽፎ ሰጠኝ።

ቤት ገብቼ ሳጥኗን ከሞደሙ ጋር ሰካሁና ኮምፒውተሬ አጠገብ አስቀመጥኳት። አረንጓዴ መብራቷ በራ። የራሴን ስልክ ይዤ ግቢውን አቋርጬ ከድንጋይ ቤቱ ጀርባ ሄድኩ፤ የለም። በጎን ዞርኩ፤ የለም። ተመስገን አልኩ፤ ከስንት ቀን በኋላ ሙሉ ትንፋሽ የሳብኩት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ልቤ ሞልቶ ወደ እናቴ ገባሁ። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም፤ እናቴ ትራሷን ተደግፋ፣ ከራስጌዋ ያለችውን ትንሿን መስኮት ከፍታ ተቀምጣለች። ስልኩን ከከረጢቱ አውጥታ ያዘች እንጂ አልሰጠችኝም።

“እዚሁ፣ እኔ እያየሁ አድርጊው” አለች።

“እሺ። ግን ግድግዳው ወፍራም ነውና ላይደርስ ይችላል፤ እንዳታዝኚብኝ” ብዬ ከአሁኑ ምክንያቴን አነጠፍኩ። ትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብዬ የሚገኘውን መስመር እንዲፈልግ ነካሁት።

የሳጥኗ ስም ብቅ አለ። ከነሙሉ ጉልበቱ።

በስመ አብ! ቀና ስል መስኮቱን አየሁት። በመስኮቱ የግቢያችን በር ይታያል፤ ከበሩ ጎን ደግሞ የእኔ ክፍል፣ የእኔ መስኮት፣ ከመስኮቱ ውስጥ አረንጓዴዋ መብራት። ግድግዳውን ዞሬ ዞሬ ስለካ መስኮቱን ረስቼዋለሁ። ሞገዱ ግድግዳ ቢፈራም መስኮት አልፈራም።

“ያውልሽ፣ መጣ” አለች እናቴ።

የይለፍ ቃሉን ሆን ብዬ አሳስቼ ጻፍኩ። “አልቀበልም አለ” አልኳት።

የእጄን አንጓ ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። “እንደገና፤ ቀስ ብለሽ” አለች፤ ዓይኔን እያየች። ሌላ ውሸት አላገኘሁም። በትክክል ጻፍኩት።

ስልኩ ትንሽ ዝም አለና ከዚያ ጮኸ፤ ደግሞ ጮኸ፤ ማቆሚያ አጣ። መልእክቱ እየተደራረበ ሲገባ ከስክሪኑ ላይ “ነፍስ” የሚል ቃል ሲያልፍ አየሁ። ልነጥቃት እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩባትም። አውራ ጣቷ ሌላ ጋ ሳይሄድ የወንድሜ ፎቶ ላይ አረፈ። ሦስት የድምፅ መልእክት ነው። የመጀመሪያውን ከፈተችው።

በኽምጣኛ ነው፤ በአገራችን የአገው ቋንቋ። እሷና እሱ ሲያወሩ ሁልጊዜ በኽምጣኛ ነው፤ ከእኔ ጋር ነው አማርኛ። ከበስተጀርባው ሞተር ይሰማል። የጉልበቷን ሕመም ጠየቃት፣ ሹራብ ደርበሽ ተቀመጪ ብሎ ተቆጣት። በሁለተኛው ብርድ ልብስ እንደገዛላት ነገራት፤ ቀለሙን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። በሦስተኛው እየሳቀ “ያቺን ፈሪ ልጅሽን ሰላም በያት፤ ዛሬስ ከምን ሮጠች?” አለ። የወንድሜ ሳቅ የድንጋይ ቤቱን ሞላው። እኔ ከንፈሬን ነክሼ መሬት መሬቱን አየሁ።

ሦስቱንም ደግማ ሰማችው። ከዚያ ስልኩን አጥፍታ ወደ ከረጢቱ መለሰችው። ሌሎቹን አልከፈተችም።

“የተረፈውን አውቀዋለሁ” አለች።

“ምኑን ነው የምታውቂው?” አልኩ።

“ነጠላሽን። ጠዋት በር ሥር ታዘቀዝቂዋለሽ፣ ስትመለሽ ታቀኚዋለሽ፤ በዚህች መስኮት አይሻለሁ። መጀመሪያ ከዘመድ አንዱ ይሆናል አልኩ። የዘመድ ቢሆን ትነግሪኝ ነበር።”

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። “ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አልሽ፣ እማዬ?”

“ከተናገርኩ ልታረዱኝ ነው። ከተረዳሁ በኋላ ብሰማው የሙት ድምፅ ነው የምሰማው። ሳልረዳ ልስማው ብዬ ነው። ይኸው የልጄን ሰማሁ። ሳቀልኝ እኮ።”

አለቀስኩ። ከዕቃ ቤቱ ወዲህ ድምፄን አውጥቼ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። እኔ ስፈራላት ስከርም፣ እሷ ለካ እኔን እያየች ስትጠብቀኝ ነው የከረመችው። አፈርኩ። እሷ አላለቀሰችም። እስክጨርስ ጀርባዬን ዳበሰችኝ።

“አሁን መድኃኒቴን ስጪኝ” አለች። “ልጄን ለማልቀስ አቅም ያስፈልገኛል።”

ሰጠኋት፤ ዋጠችው።

“ከዚያ የንስሐ አባቴን ጥሪልኝ፤ የጾሙን መፈታት አይጠብቁ። መጀመሪያ ግን ነጠላዬን አምጪልኝ።”

ከተሰቀለበት አውርጄ አመጣሁላት። ልታዘቀዝቀው ሞከረች፤ እጇ አልታዘዝ አላት። እኔ አዘቅዝቄ አለበስኳት።